ለክፉ ቀን የታሸጉ ሃያ ጀሪካኖች

ባሌን ሰፈሩ በሙሉ «መጠባበቂያ» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው ነው። መጀመሪያ ስሰማው ሳቄን ለመደበቅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርኩ እንጂ አልተቆጣሁም። ሰውየው ራሱም አልከፋውም፤ እንዲያውም «ስም የሚወጣው ከግብር ነው» ብሎ ደረቱን ነፋ። ከዚያ ወዲህ የሰፈር ልጆች «ጋሼ መጠባበቂያ» ብለው ሲጠሩት «አቤት» ይላል።

ባሌ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የውሃ ቫልቭ ከፋችና ዘጊ ነበር። ውሃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ ይህ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ላስረዳ። ቁመቱን የሚያህል የብረት መክፈቻ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ማለዳ ይወጣል፤ የመንገድ ዳር ጉድጓድ ክዳን ያነሣል፤ ለታችኛው ሰፈር ይከፍትና ለላይኛው ይዘጋል። ታችኛው ሰፈር ይመርቀዋል፣ ላይኛው ይረግመዋል። በማግስቱ ተራው ይገለበጣል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ዘመን የግማሽ ከተማ እርግማን ሲጠጣ የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ ምን ይሆናል? አርፎ ይቀመጣል ብዬ ነበር። እኔ ነኝ ሞኟ።

ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት የስፌት ክፍሌን ግማሽ ወሰደ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሙሽራ ቀሚስ፣ የተማሪ ዩኒፎርም፣ የመጋረጃ ጠርዝ፣ የመጣልኝን ሁሉ እሰፋለሁ። ክፍሏ መኪናዬ፣ የመቁረጫ ጠረጴዛዬና አንድ ወንበር ሲገቡባት የምትሞላ ናት። እሱ ግን ሜትሬን ከአንገቴ ላይ አውልቆ ለካና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ መደርደሪያ ሠራ። በማግስቱ ሃያ ቢጫ ጀሪካን ውሃ ገባ። ከዚያ ዱቄት፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ጨው፣ ሻማ፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት፣ ከሰል፣ የቁስል ማሰሪያ፣ በእጅ እየተዘወረ የሚሠራ ሬዲዮ፣ መጋዝ። መጋዙ ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ቤቱ ቢደረመስ ቆርጠን እንወጣበታለን» አለ።

«ቤቱ ቢደረመስ መጋዙም እኮ ከሥር ነው የሚቀረው» አልኩት።

አሰበበት። በማግስቱ ሌላ መጋዝ ይዞ መጥቶ ግቢው ውስጥ ካለው ዛፍ ላይ ሰቀለው።

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል በየቀኑ። ተረቱን አውቀዋለሁ፤ እናቴም ትተርተው ነበር። እናቴ ግን ተርታ ዝም ትላለች እንጂ ፊሽካ አትነፋም። እሱ በወር አንድ ቀን፣ ቀኑን ሳይናገር፣ ፊሽካ ይነፋል። ያን ጊዜ ሁላችንም እጃችን ላይ ያለውን ጥለን፣ በሩ አጠገብ የተሰቀለውን ቦርሳ ይዘን፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ግቢው መሃል መገኘት አለብን። «ሁላችንም» ማለት እኔ ነኝ፤ ልጃችን አግብታ ሄዳለች። አንድ ቀን ሙሽራ አቁሜ፣ ወገቧን ዙሪያውን በመርፌ ሰክቼ ቀሚሷን ሳስተካክል ፊሽካው ተነፋ። ንቅንቅ አላልኩም። ሁለት ደቂቃው ሲያልፍ በመስኮት አንገቱን አስገባና «ሞተሻል» አለኝ። ሙሽራዋ ጮኸች። ያቺ ልጅ ሁለተኛ ደንበኛዬ አልሆነችም።

ጀሪካኖቹን ደግሞ ያሸጋቸው እንደ መሥሪያ ቤት ነው። ክዳኑን ከእጀታው ጋር በሲባጎ ያስረዋል፤ ቋጠሮው ላይ ቀይ ሻማ ያንጠባጥባል፤ ሳይደርቅ ከድሮ የሥራ ካፖርቱ የተፈታ የነሐስ አዝራር ይጫንበታል። አዝራሩ ላይ የውሃ ጠብታ ተቀርጿል። በመጨረሻም ቀኑን በወረቀት ጽፎ ይለጥፋል።

«ይህ የሚከፈተው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው፤ ያለ ትእዛዝ አይነካም» አለ።

«ማነው የሚያዘው?»

«ቀኑ ራሱ ያዛል።»

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ላይ ግን እኔ አንድ ነገር ሠራሁ፤ እስከ ዛሬም አልጸጸትበትም። የቧንቧ ውሃ ጠፍቶ ነበር። አንድ የሙሽራ ቀሚስ እርጥብ ጨርቅ እያለበስኩ መተኮስ ነበረብኝ፤ ባለቤቷ ከሰዓት በኋላ ትመጣለች። ባሌ ገበያ ሄዷል። ከኋለኛው ረድፍ አንድ ጀሪካን አወረድኩ፣ ሻማውን በመቀስ ፈልቅቄ ሲባጎውን ፈታሁ። ክዳኑን ስከፍት የእንቁራሪት ኩሬ ሸተተኝ። ለካ መደርደሪያው መስኮት ሥር ስለሆነ ፀሐይ ሲያሞቀው ከርሟል። ዕድሜውን ውሃ ላይ የጨረሰ ሰው ይህን እንዴት አያውቅም? የሚያውቀው የሚሄድ ውሃ ነው። ቁጭ ያለ ውሃ ምን እንደሚሆን የምናውቀው ቤት ውስጥ ባልዲ ስንከድን የኖርን ነን።

ልነግረው አሰብኩ። ብነግረው የሚከተለውንም አውቀዋለሁ፦ መጀመሪያ አያምንም፣ ከዚያ ያኮርፋል፣ ከዚያ አርባ ጀሪካን ያመጣል። ስለዚህ ያንን ውሃ ደፋሁ፣ ጀሪካኑን በአሸዋና በበረኪና አጠብኩ፣ ቧንቧው ሲመጣ ሞላሁ፣ አሰርኩ፣ ቀይ ሻማ አንጠባጠብኩ። አዝራሩስ? የዚያ ካፖርት አዝራሮች ስድስት ነበሩ። የሰፋኋቸውም የፈታኋቸውም እኔ ነኝ፤ እሱ አንዱን ወሰደ፣ አምስቱ የአዝራር ቆርቆሮዬ ውስጥ ቀርተዋል። ከዚያ ወዲህ እሱ በወጣ ቁጥር ሁለት ሦስት እያልኩ፣ በየሁለት ወሩ ሃያውንም አዳርሳለሁ። ዱቄቱንም ነቀዝ ሳይቀድመን እየበላን በአዲስ ተካሁት። ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ማኅተሞቹን በጣቱ እየነካካ ይቆጥርና «አልተነካም» ይላል። እኔም መርፌዬ ላይ ክር እያስገባሁ «ተመስገን» እላለሁ።

እንዲህ ስንኖር ልጃችን የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ በወለደች በአሥራ አንደኛው ቀን እኛ ዘንድ መጣች። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ሩቅ አገር ሄዷል። ዝናቡ ሳምንት ሙሉ አላባራም ነበር። እሷ በመጣች በማግስቱ ኮረብታው ተናደና ዋናውን የውሃ መስመር ከነድልድዩ ይዞት ወረደ። መብራቱም አብሮ ሄደ። ከዚያ ዝናቡ ቀጥ አለ፤ አንዲት ባልዲ እንኳ ሳንደቅንለት።

የዚያን ዕለት የባሌን ፊት አልረሳውም። ደስ ብሎት ነበር ብል ኃጢአት ይሆንብኛል፤ ብቻ ወገቡ ቀና አለ። ሬዲዮውን ዘወረ፣ ግቢ ያለውን የውሃ በርሜል በዱላ ለካ፣ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጠፈ፦ ለአንድ ሰው በቀን ስንት ኩባያ፣ ምስር የታጠበበት ለምን፣ የሕፃኑ ጨርቅ የታጠበበት ለምን እንደሚውል። እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ኮራሁበት። ሰው ቤቱ ውስጥ ሻማ ፍለጋ ሲደናበር እኛ ዘንድ ክብሪቱ እንኳ የት እንዳለ ይታወቃል። ምግብ አለን፣ ከሰል አለን። ጫማ ሰፊው ክብሪት ሊለምን መጣና «ጋሼ መጠባበቂያ፣ ከእንግዲህ ብስቅብህ ከንፈሬን!» ብሎ ማለ። ሲወጣ ግን ዛፉ ላይ የተሰቀለውን መጋዝ አይቶ ሳቀ።

በአራተኛው ቀን በርሜሉ አለቀ።

«በል እንግዲህ ክፈት» አልኩ።

«ምኑን?»

«ጀሪካኑን ነዋ!»

«ገና ነው።»

መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለኝ። ዱቄቱን አውጥቷል፣ ከሰሉን አውጥቷል፣ ሻማውን ለጎረቤት ሳይቀር ሰጥቷል፤ ውሃው ላይ ሲደርስ ነው ግትር ያለው።

«ምኑ ነው ገና? ኮረብታው ወርዷል፣ ድልድዩ የለም፣ ቧንቧው የለም፣ መብራት የለም። ከዚህ በላይ ምን እስኪመጣ ነው? ሰማዩ እስኪወድቅ?»

«መስመሩ ነገ ይጠገን ይሆናል። ከነገ ወዲያ ደግሞ የባሰ ቢመጣስ? ያን ጊዜ ምን ልትይ ነው?»

«ያን ጊዜ ጠጥተን እንጠብቀዋለና!»

«ገና ነው አልኩሽ፣ አንቺ ሴትዮ።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስኪወጣ ጠብቄ የለመድኩትን አደርግ ነበር። አሁን ግን ፍራሹን አምጥቶ መደርደሪያው ሥር አነጠፈ፤ ቀን ቀን ደግሞ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የገዛ ወንበሬ ላይ! የወጣ እንደሆነም በሩን ቆልፎ መክፈቻውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል።

የሚወጣው ለቦቴ ነው። ታች አደባባይ የውሃ ቦቴ ይቆም ነበርና አራት ሰዓት ተሰልፎ ግማሽ ባልዲ ይዞ ይመለሳል። ውሃው ጭቃ ይመስላል። አጠለልነው፣ አፈላነው፤ እንዲያም ሆኖ ልጄን ተቅማጥ አጣደፋት። እሱ ራሱ በቀን ከአንዲት ኩባያ በላይ አይቀምስም፤ የራሱን ድርሻ «እኔ ጠጥቻለሁ» እያለ ለልጁ ያቀብላታል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም ይታይበታል። ሳየው አንጀቴን ይበላዋል፤ ግን ሃያ ጀሪካን ውሃ ላይ ተቀምጦ በጥም የሚሰነጠቅን ሰው እንዴት አድርጌ ላዝንለት? እያዘንኩ እበግናለሁ፤ እየበገንኩ አዝናለሁ።

በስድስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጄ ጠራችኝ። ሕፃኑ ጡቷን ይዞ ይስብና ይለቃል፣ ይስብና ይለቃል። ለቅሶው ቀጥኗል።

«እማዬ፣ የሚወጣለት ነገር የለም» አለችኝ። የእሷም አፍ ደርቆ ምላሷ እየተያያዘባት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የጠጣችው ሆዷ ውስጥ አልቆየም።

ይህን ለማወቅ ሐኪም አያሻም። ንጹሕ ውሃ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው። የስፌት ክፍሉን በር በሁለት እጄ በርግጄ ገባሁ።

«ሕፃኑ እየደከመ ነው። ልጅህም እየደከመች ነው። አሁን ክፈት!»

ብድግ አለ። ፊቱ አመድ መሰለ። መደርደሪያው ላይ የነበረውን ቢላዋ አነሣ፤ ወደ ጀሪካኑ ዘረጋው፤ ሲባጎው ጋ ሲደርስ መልሶ አስቀመጠው።

«ያለ ትእዛዝ…» አለ። «ያለ ትእዛዝ አልችልም።»

እዚህ ላይ ነው ያበድኩት። «ትእዛዝ ነው የምትፈልገው? እሺ! ትእዛዝ ላምጣልህ!» ብዬ የደንበኞቼን ልክ ከምጽፍበት ደብተር አንድ ገጽ ገነጠልኩና ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ ጻፍኩ፦

«ለመጠባበቂያ ውሃ ክፍል ኃላፊ። ጉዳዩ፦ ውሃ እንዲከፈት ስለማዘዝ። በዚህ ቤት አንዲት አራስና አንድ የአሥራ ሰባት ቀን ሕፃን በውሃ ጥም ላይ ስለሚገኙ፣ ክፍሉ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰው ጀሪካን እንዲከፍት በጥብቅ እናሳስባለን። ከሰላምታ ጋር።»

ላላግጥበት ነበር። «ከሰላምታ ጋር» ስል ብዕሩ ወረቀቱን ቀደደው። እሱ ግን አልቀደደውም፣ አልወረወረውም። መነጽሩን ከደረት ኪሱ አውጥቶ አደረገ። አንድ ጊዜ አነበበው። ደግሞ አነበበው።

«ፊርማ የለውም» አለኝ።

የእንጨት ማስመሪያዬ አጠገቤ ነበር፤ አንስቼ አናቱ ላይ ላሳርፍበት ምንም አልቀረኝም። ግን ቀና ሲል ዓይኖቹን አየሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው ስኖር እንዲህ አይቼው አላውቅም። ይለምነኝ ነበር።

«መጋዘኑ የተቃጠለ ጊዜ ትዝ ይልሻል?» አለ። «የዱቄት መጋዘኑ፤ ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ኃላፊዬ ደወለልኝ። ‹ሕዝቡ ተጠምቷል፣ የመጠባበቂያውን ገንዳ ልቀቀው› አለኝ። ደብዳቤ ስጠኝ አልኩት። ‹ነገ እልክልሃለሁ፤ አንተ ሰው አያሳዝንህም?› አለኝ። አሳዘነኝ። ከፈትኩ። በማግስቱ መጋዘኑ ተያያዘ፤ የእሳት አደጋ መኪኖቹ ሊቀዱ ሲመጡ ገንዳው ባዶ ነው። ዘበኛው ውስጥ ነበር።»

ማስመሪያውን ከአጠገቤ ገፋ አደረግሁት።

«ኃላፊው ‹እኔ አላዘዝኩም› አለ። ወረቀት የለኝማ። ስምንት ወር ከሥራ አገዱኝ። ዘበኛውን አውቀው ነበር። ጠዋት ጠዋት በበሩ ሳልፍ ‹ዛሬ የማን ተራ ነው?› ይለኝ ነበር።»

ስምንት ወር! ያ ስምንት ወር በደንብ ትዝ ይለኛል። ወገቤን አሞኝ የሕመም ፈቃድ ሰጡኝ ብሎ ቤት ተኛ፤ እኔም ማታ ማታ ቅባት አሙቄ ወገቡን አሸው ነበር።

«ወገብህስ?» አልኩት።

«ወገቤ ደህና ነበር።»

ስምንት ወር ሙሉ የደህና ሰው ወገብ ሳሽ ከርሜያለሁ! መጮህ አማረኝ፣ ማልቀስ አማረኝ፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም መምረጥ አቃተኝ። ከዚያኛው ክፍል ያ ቀጭን ለቅሶ ተሰማ። ብዕሩን አነሣሁና ስሜን ጽፌ ፈረምኩ።

«ቀን» አለኝ።

ቀኑንም ጻፍኩ። ከሥሬ እሱም ፈረመ። ከዚያ ቢላዋውን አነሣ፤ አሁን መልሶ አላስቀመጠውም።

የፊተኛውን ጀሪካን አወረደና ሲባጎውን ቆረጠ። ክዳኑን ከፈተ። እኔ ከኋላው ቆሜ ፈርቻለሁ፤ ውሃው ምን እንደሆነ ስለማላውቅ አይደለም፣ ስለማውቅ ነው። አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተ። መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ቀመሰ። የተለጠፈውን ቀን አየ፤ ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ማኅተሙን ከመሬት አነሣና መስኮቱ ዘንድ ይዞት ሄደ። የእሱ አዝራር ጠርዙ ላይ ቁንጥር ታህል ጎድሏል፤ ሻማው ላይ የታተመው ክብ ግን ሙሉ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን እኔ፣ የመርፌ ቀዳዳ ሳይ ውዬ የማድር ሴት፣ ያንን ጉድለት አላየሁትም።

«ይህ ውሃ አንድ ወር አልሞላውም» አለ።

«ሦስት ሳምንቱ ነው» አልኩ።

ጆጉን ሞላ፤ ለልጃችን ወሰደላት፤ እስክትጨርሰው ራስጌዋ ቆመ። ሁለተኛ ሞላላት። ጨውና ስኳር በጥብጬ ሦስተኛውን እኔ ሰጠኋት። እሱ ከዚያ በኋላ ነው የራሱን አንድ ኩባያ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ የጠጣው። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ። ቁጣውን ጠበቅሁ።

«ሁሉንም?» አለ።

«ሃያውንም። በየሁለት ወሩ።»

«ተበላሽቶ ነበር?»

«እንቁራሪቷ ብቻ ነበረች የቀረችው።»

ፊቱን በሁለት መዳፉ አሸ። ያኮርፋል ስል፣ አርባ ጀሪካን ያመጣል ስል፣ መዳፎቹ ሥር ሆኖ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ይህን ያህል ጊዜ ብቻዬን የምጠብቅ መስሎኝ ነበር» አለ።

መስመሩ በአሥረኛው ቀን ተጠገነ። ሕፃኑም በሁለት ቀን ውስጥ ድምፁ ተመልሶለት ሰፈሩን መቀስቀስ ጀመረ። ጀሪካኖቹ አሁንም የስፌት ክፍሌን ግማሽ እንደያዙ ናቸው፤ መስኮቱ ላይ ግን ወፍራም መጋረጃ ሰፍቼላቸዋለሁ፤ ውሃውንም በየሁለት ወሩ አብረን በግላጭ እንቀይራለን። ማኅተም የሚባል ነገር ቀርቷል ብዬ ነበር፤ አልቀረም፣ አሁን በሁለት አዝራር ሆኗል።

ባለፈው ሳምንት ሻማዎቹን ሳስተካክል ያ ደብዳቤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከክብሪቶቹ ጋር ተቀምጦ አገኘሁት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ብዬ እየሳቅሁ ገለጥኩት። ከፊርማዎቻችን ሥር፣ በዚያ በተንጋደደ የቫልቭ ሠራተኛ ጽሕፈቱ፣ ሦስት መስመር ጨምሮበታል፦

«ተከፍቷል።
ውሃው ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል።
ማንም አልሞተም።»

ወረቀቱን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። ዓይኔን በቀሚሴ ጫፍ እየጠረግሁ ሳለሁ፣ በዚያች ሰዓት፣ ፊሽካው ተነፋ። ተነሥቼ ሮጥኩ። ቦርሳውን ከበሩ አጠገብ ነጥቄ፣ አንድ እግሬ ባዶውን፣ ግቢው መሃል ደረስኩ። እሱ ሰዓቱን አየ።

«ሰባት ሰከንድ አሳልፈሻል» አለኝ። ሞተሻል ግን አላለኝም።